ክረምት በገባ ቁጥር የሚጠፋው ገበሬ

አንድ ሐኪም ነበረ። የአእምሮ ሐኪም ነበረ፤ ያውም ጎበዝ። እንግዲህ ዶክተር አርሴማ፣ ወንበሩን ሳቢና ቁጭ በይ፤ የጠየቅሽኝ ነገር ቆሞ የሚመለስ አይደለም። «ገና ስፔሻሊቲዬን ያልጨረስኩ ሬዚደንት ነኝ። ወደ ምርምር ሥልጠናው እገባለሁ ወይም አልገባም ብዬ ነገ መልስ መስጠት አለብኝ። ኮሪደሩ ሙሉ በሽተኛ እያለ በየሳምንቱ ከክሊኒክ እየቀረሁ ጥያቄ መጠየቅ ልማር? ስመረቅ አይደርስም?» አይደል ያልሽው? መልሱ ያለው እዚህ ሐኪም ዘንድ ነው።

ሐኪሙ የሚሠራው ከትልቁ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሰው ሁሉ አርሶ በሚያድርበት ወረዳ ነበር። ጠዋት በሩን ሲከፍት ደጁ በሰው ጢም ብሎ ይጠብቀዋል። በገመድ ታስሮ የመጣውን ፈትቶ፣ አክሞ፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ግን አንድ ገበሬ ነበረ። ገበሬው መድኃኒቱን ሲወስድ ጨዋታ አዋቂ፣ እርሻውን የማያስነካ፣ ለልጆቹ የሚሳሳ አባት ነው። ሐኪሙ ኪኒኑን በሰጠው ቁጥር ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «በደንብ ብላ፣ እሺ!» ይለዋል። እሱም አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጌታዬ» ይላል።

ክረምት ሲገባ ግን ድራሹ ይጠፋል። ቀጠሮ የለ፣ መድኃኒት የለ። መስከረም ሲጠባ የሚስቱ ወንድሞች በገመድ አስረው እየጎተቱ ያመጡታል። ይጮሃል፣ ልብሱን ይቀድዳል፣ ሚስቱን እንኳ አይለያትም። ሐኪሙ እንደገና ያክመዋል፤ ይድናል፤ ክረምት ይመጣል፤ ይጠፋል። እንዴ! በጋውን ሙሉ ደህና የከረመ ሰው ክረምት ሲሆን ምን ይነካዋል? ነገሩ ሐኪሙን ከነከነው።

መጀመሪያ «ወንዙ ሞልቶበት ነው» አለ። መላ መታና ሰኔ ላይ የክረምቱን መድኃኒት ጠቅልሎ ሰጠው። መስከረም ላይ መድኃኒቱ ሳይነካ ከሰውየው ጋር ተመለሰ። ቀጥሎ «ጠበል ሄዶ መድኃኒት ተው ብለውት ይሆናል» አለ። ቢያጣራ ሰውየው ጠበል አልረገጠም። ክሊኒክ የሚመጡትን ሌሎች በሽተኞች ጠየቀ። የመጣ ሰው፣ ሌላው ለምን እንደቀረ ከየት አባቱ ያውቃል?

በመጨረሻ ነሐሴ ላይ ጭቃውን እየረገጠ ራሱ ገበሬው ቤት ሄደ። ሰውየው ገና አልባሰበትም፤ ዓይኑ ብቻ ይቅበዘበዛል። እንግዳ መጣ፣ ያውም ዶክተር! ሚስትየው በጓሮ በር እልም አለች፤ ተመልሳ እጁን አስታጠበችውና እንጀራ በወጥ ቀረበ። ጎረሰ፤ «በሞቴ» ተባለ፤ ደገመ። አፉን እየጠረገ «መድኃኒቱን ለምን ተውከው?» አለ። ገበሬው መሬት መሬት እያየ «ረሳሁት ጌታዬ» አለ። እሰይ፣ መልሱ ተገኘ! ሐኪሙ ደስ ብሎት ተመለሰ። «የዚህ አገር ችግር መርሳት ነው» እያለ ለመጣው ሁሉ ሰበከ፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰሙ ኪኒናቸውን እንዲውጡም አስተማረ።

መስከረም ላይ ገበሬው እንደገና በገመድ መጣ። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ገመዱን በእጁ እንደጠቀለለ «ዶክተር፣ እኛን መሮናል» አለ። «በሚመጣው ክረምት እንዲህ ሆኖ ከተገኘ እህታችንንና ልጆቿን ወደ አባታችን ቤት እንወስዳለን። የእሱን ነገር እግዜር ያውቃል።» ገበሬው ቤቱንና ልጆቹን ለማትረፍ የቀረው አንድ ክረምት ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ሐኪሙ ወደ ትልቁ ከተማ፣ ሐኪሞችን ምርምር ወደምታስተምር አንዲት መምህርት ሄደ። «የእኔ በሽተኞች መድኃኒታቸውን ይረሳሉ፤ የማያስረሳ ዘዴ ይፈልጉልኝ» አላት።

«ይረሳሉ ብሎ ማን ነገረህ?» አለችው።

«ራሳቸው ናቸዋ።»

«የት ተቀምጠህ ጠየቅሃቸው?»

«ቤታቸው፣ መደብ ላይ።»

«ስትጠይቅ አፍህ ውስጥ ምን ነበር?»

ሐኪሙ ሳቁ መጣ። «ያቀረቡልኝ እንጀራ!»

«ጎተራ በሚራቆትበት በነሐሴ? ከየት አመጡት?»

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። እውነትም ከየት አመጡት? «በቃ ገባኝ፣ ልሂድ» ብሎ ተነሣ። መምህርቷ ግን «ቁጭ በል» አለችው። «አሁን ብትሄድ ሌላ ግምት ይዘህ ነው የምትሄደው። እስካሁንም የሄድከው በግምት ነው።»

ተቀመጠ። በየሳምንቱ ክሊኒኩን ለባልደረባው እየተወ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይማር ጀመር። አገሬው አማው። «ሐኪም ሆኖ ደግሞ ተማሪ ቤት! በሽተኛ ጥሎ!» ተባለ። የተሰለፈውን ሰው አልፎ ሲሄድ ሆዱ ይባባ ነበር፣ ልክ እንዳንቺ። መምህርቷ ደግሞ ያዘጋጀውን ጥያቄ ትሰርዝበታለች። «መልሱን ጥያቄው ውስጥ ሸሽገኸዋል» እያለች ታስቀይረዋለች። ይሉኝታ የያዘውን ሰው እንዴት እንደሚጠይቁት ተማረ። የጠፋውን ብቻ ሳይሆን በዚያው መንደር ያልጠፋውንም ጎን ለጎን ማየት ተማረ። ከሁሉ የከበደው ደስ ያሰኘውን መልስ መጠራጠር ነበር። አቤት ሲያስቸግር! ግን ደግሞ እየጣመው ሄደ፤ ባየው ነገር ሁሉ «ለምን?» ማለት አበዛ።

ነሐሴ ደረሰ። ሐኪሙ ያንኑ ጭቃ ረግጦ ያንኑ ቤት ገባ። የገበሬው ዓይን መቅበዝበዝ ጀምሯል። ሚስትየው እንደ አምናው ሳህን ከነጠላዋ ሥር ሸጉጣ ወደ ጓሮ በር አቀናች። ሐኪሙ ብድግ ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ ተቀመጪ። ዛሬ እህል አልቀምስም።»

የሴትየዋ ፊት ተለዋወጠ። «ቤታችንን ናቁት እንዴ፣ ዶክተር?»

ሰው ቤት ገብቶ አልበላም ማለት በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሐኪሙ ግን ከበሩ አልተነቃነቀም።

«አልናቅሁም። ዛሬ ግን እንግዳ ሆኜ አልመጣሁም። ትናንት ልጆቹ ምን በሉ?»

ልጆቹ እናታቸውን አዩ፤ እናታቸው አቀረቀረች። በመጨረሻ የተናገረው ገበሬው ነው።

«ጎመን» አለ። «አምና የበሉትም ከጎረቤት የመጣ ነው። ጌታዬ፣ ያ ኪኒን ሲገባ ጠኔ ይለቅብኛል። የልጆቼን ድርሻ ጠርጌ በልቼ እንኳ አልጠግብም። በጋ ጎተራው ስላለ ግድ የለም። ክረምት ግን እኔ ስጎርስ እነሱ አፍ አፌን ያያሉ። ባብድ በገመድ ያስሩኛል፣ ይሰሩኝ። ከልጆቼ አፍ ነጥቄ ግን ጤነኛ አልሆንም።»

ሐኪሙ መደቡ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። መድኃኒቱ የመብላት ፍላጎት እንደሚጨምር መጽሐፍ ላይ አንብቧል፤ ተፈትኖበትም አልፏል። «በደንብ ብላ፣ እሺ!» ያለው ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለውና አለቀሰ። አዎ፣ አለቀሰ፤ ሐኪም አያለቅስም ያለሽ ማን ነው?

በዚያው ሰሞን ጠኔው የማይበረታበት ሌላ መድኃኒት ሰጠው። በተማረው መንገድ ሌሎቹንም ቤቶች እየዞረ ጠየቀ፤ ክረምት ላይ የሚጠፉት ብዙዎቹ ጎተራቸው ቀድሞ የሚያልቅባቸው ሆነው ተገኙ። መስከረም ሲጠባ ገበሬው በእግሩ መጣ። የሚስቱ ታላቅ ወንድም አብሮት ነበር፤ ያንን ገመድ ይዟል። ሐኪሙ ገመዱን ሲያይ ክው አለ። ለካ የበቆሎ እሸት ታስሮበታል። «ለዶክተር ነው፤ እንዲቀምሱልን» አሉት። በዚያን ቀን ሐኪሙ እምቢ አላለም፣ በላ።

እንግዲህ አርሴማ፣ ሐኪሙ አንቺ ነሽ። ያቺ መምህርት ነገ መልስ የምትሰጪበት ሥልጠና ናት። ኮሪደሩ ላይ የተሰለፉት የመጡልሽ ናቸው፤ እነሱን ማከም ታውቂበታለሽ፣ እሰየው። ከክሊኒክ የምትቀሪባቸው ቀኖች ግን በሽተኛ የምትጥዪባቸው አይደሉም፤ ወዳልመጣው የምትሄጂባቸው ናቸው። ያልመጣው ደግሞ ስለጠየቅሽው ብቻ እውነቱን አይነግርሽም፤ አክብሮሽ ይዋሽሻል፣ አብልቶ ይሸኝሻል። ለዚህ ነው ጥያቄሽን የሚሰርዝልሽ መምህር፣ ማንም የማይነካብሽ ሰዓት የሚያስፈልግሽ። ስመረቅ አይደርስም ወይ ላልሽው፣ ሐኪሙ ይህን ትምህርት እንዳንቺ ገና ሬዚደንት ሳለ ቢያገኘው ኖሮ ገበሬው ያን ሁሉ መስከረም በገመድ ይጎተት ነበር?

አንቺም ቀጠሮ የቀረብሽ ሰው አለ። ስሙ ትዝ ብሎሻል፤ ፊትሽ ላይ አየሁት። በይ ተነሺ፣ ነገ መልስሽን ስትሰጪ እሱን እያሰብሽ ስጪ።