ከሾላው ሥር የሚጀምረው ቆጠራ

ጽሕፈቴ አያምርም፤ ፊደልም እሳሳታለሁ። ይቅርታ እያደረጋችሁ አንብቡልኝ።

አንድ ጊዜ ድርቅ ገባና እንስሳት ከሾላ ዛፍ አጠገብ የውኃ ጉድጓድ ቆፈሩ። ማን እንደቆፈረ እንዳይረሳም ከዛፉ ሥር ጀምረው ለእያንዳንዱ አንድ ድንጋይ በመደዳ አኖሩ። የቆፈረ ድንጋዩን ያቆማል። ያልቆፈረ ድንጋዩ እንደተጋደመ ይቀራል፤ ውኃም አይጠጣም። አዲስ የመጣ በወዲያኛው ጫፍ ይጨምራል። ስለዚህ መደዳው ቢረዝምም ከዛፉ ሲቆጠር የማንም ቦታ አይለወጥም።

ድንጋዮቹ ሃያ ደረሱ። ጅብ አንደኛ፣ አህያ ሦስተኛ ነበሩ፤ ሁለቱም ቆፍረዋል። አሥራ ስምንተኛዋ ቀበሮና የመጨረሻዋ ኤሊ ግን አልቆፈሩም። ጠባቂው ጅብ ነበር።

ቀበሮ ወደ ጅብ ቀረበች።

«አያ ጅቦ፣ በወዲያኛው ጫፍ አጥንት አስቀምጬልሃለሁ። እዚያው እየጋጥክ ብትቆጥርስ? ድንጋዩ እንደሆነ ያው ነው።»

ጅብ አጥንት ሲባል ሌላ አይሰማም። ሄዶ ተጋደመና ከዚያ ጫፍ አሥራ ስምንት ቆጠረላት። ቁጥሩ በአህያዋ የቆመ ድንጋይ ላይ አረፈ። ቀበሮ እስክትጠግብ ጠጣች።

ቀጥላ አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ መጣች። ውርንጭላው ከጥማት ብዛት እግሩ ይንቀጠቀጣል።

«ቁጥርሽ?» አለ ጅብ።

«ሦስት።»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ተጋድሟል። ሂጂ።»

«ሰኮናዬ እስኪሰነጠቅ ቆፍሬያለሁ። ያየኸው የቀበሮን ድንጋይ ነው። ከዛፉ ቁጠር።»

«ከዚህም ከዚያም ድንጋይ ድንጋይ ነው።»

ቀበሮ ከንፈሯን እየላሰች ሳቀች። «እመት አህዪት፣ ጆሮሽ ረዘመ እንጂ ቁጥር አልገባሽም።»

ውርንጭላው ተንበረከከ። የአህያ ደም ፈላ።

«አያ ጅቦ፣ ያንተስ ቁጥር ስንት ነው?»

«አንድ ነዋ። ከሁሉም በፊት እኔ ነኝ።»

«በል ከተጋደምክበት ቁጠረው።»

ጅብ እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ አየ። የኤሊ ነው፤ ተጋድሟል። አጥንቱ ከአፉ ወደቀ።

«ይሄማ የእኔ አይደለም።»

«ለራስህ ሲሆን ገባህ? ልጄ ፊትህ እየሞተ አጥንት ትግጣለህ? በዚህ ቆጠራ አንተም ጠብታ አትቀምስም።»

ወረፋ የሚጠብቁት እንስሳት ሁሉ ጮኹበት። ጅብ ጭራውን ቆልፎ ወደ ዛፉ ሄደ።

«የሌላውን ተወው» አለችው አህያ፤ «ሦስተኛውን ብቻ እይ።»

ሦስተኛው ቆሟል። ውርንጭላው አፉን ውኃው ውስጥ ነከረ። አሥራ ስምንተኛው ተጋድሟል። ቀበሮ ልትሸሽ ስትል አህያ መንገዱን ዘጋችባት።

«ቆፍሪ» አለቻት። ቀበሮ ጥፍሯ እስኪደማ ቆፈረች።

ከዚህ የምንማረው የአንዱን ሥራ ለማወቅ ከተስማማንበት ጫፍ ቆጥረን የእሱኑ ድንጋይ ማየት እንዳለብን፣ የተበደለም ዝም ማለት እንደሌለበት ነው፤ እኔ ግን ክፍል ውስጥ የሌላ ልጅ ዜሮ በስሜ ሲነበብ «የእኔ አይደለም» ማለት አፍሬ ተቀምጫለሁ፣ ይህንንም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።