ከሚሳቅብኝ ውሻዬ ይሙት

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን ተዉት፤ በሰፈሩም በስሙ የሚጠራው አልነበረም። «አባ መክት» ነው የሚሉት። መክት ውሻው ነው። የጥንት ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ይኸኛው በውሻው ስም ተጠራ፤ ደስም አለው።

የሚኖረው አሰላ ነው፤ እህል ነጋዴ ነው። ሚስቱ ወይዘሮ አመለወርቅ ትባላለች። ልጆቻቸው አድገው ከቤት ወጥተዋል። መክት ገና ዓይኑን ሳይገልጥ እናቱን መኪና ገጭቶ ሲገድላት፣ ከመንገድ ዳር አንሥቶ፣ ወተት በጨርቅ እየነከረ አጥብቶ ያሳደገው ይህ ሰው ነው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው ጨካኝ አልነበረም። ውሻውን ይወደው ነበር። ነገሩ የሚያናድደኝም እዚህ ላይ ነው።

መክት ግዙፍ ሆነ። ደረቱ ሰፋ፣ አንገቱ እንደ ወይፈን ወፈረ። ሰውየው ከሥራ ሲመለስ በሰንሰለት ይዞት በዋናው መንገድ ይንጎራደዳል። ሰው መንገድ ይለቃል። ጠላ ቤት ደጅ የተቀመጡት ወንዶች «አባ መክት! ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» ይላሉ። የሚያሞግሱት ውሻውን ነው ወይስ ባለቤቱን? እሱ አይጠይቅም። ሙገሳውን እንዳለ ይዞት ይገባል።

ታዲያ መክት ሲጎረምስ አጥር መዝለል ጀመረ። የሰፈሩ ሴት ውሾች ወቅታቸው በደረሰ ቁጥር ማንም አይመልሰውም። ይጠፋል፤ ሲመለስ ጆሮው ተዘልዝሎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ጭቃና ደም ለብሶ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ በየቦዩ የተጣሉ ቡችሎች ይገኛሉ፤ መልካቸው ቁርጥ መክት። ሰውየው ይስቃል። «ዘሩ በዛ!» ይላል። ቡችሎቹን ከቦይ የሚያወጣው ሌላ፣ የሚስቀው እሱ!

አመለወርቅ ውሻውን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ልታስከትብ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሙ ዶክተር ገመቹ ይባላል። ጠባሳዎቹን አይቶ፣

«እመቤቴ፣ ይህ ውሻ ለምን አይኮላሽም?» አላት።

«ቤት መጠበቁን አይተውም?»

«አይተውም። ጠባዩ ሁሉ ይቀየራል ብዬም አልዋሽዎትም፤ ቁጡ ውሻ ቁጡ ሊሆን ይችላል። ሴት ፍለጋ መዞሩንና በዚያ ሰበብ መናከሱን ግን በጣም ይቀንስለታል። በማደንዘዣ ነው የምንሠራው፤ አይሠቃይም።»

እቤት ገብታ ነገረችው። ሰውየው ከመቀመጫው ተነሣ።

«እኔ በሕይወት እያለሁ? የኔን ውሻ?»

«ምን ይሆናል?»

«ኃጢአት ነው! እግዚአብሔር ወንድ አድርጎ የፈጠረውን!»

አመለወርቅ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ፣ «ባለፈው ለፋሲካ ያረድነውን ሙክት ማን ነበር የቀጠቀጠው? መልአክ ነው?» አለችው።

ሰምታችኋል? እያንዳንዱን በዓል በሙክት የሚያከብር ሰው፣ የሰንጋ ሥጋ ጥሬውን የሚቆርጥ ሰው፣ ውሻው ላይ ሲደርስ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያዘው! ወገኖቼ፣ እግዚአብሔርን ለክብራችን መሸሸጊያ ስናደርገው እንዴት አናፍርም?

እውነተኛው ምክንያት በኋላ ከአፉ አመለጠው። «ነገ ጠላ ቤቱ በሙሉ ‹መክት ሙክት ሆነ› ብሎ ይዘፍንብኛል» አለ።

በቃ። ነገሩ ይኸው ነው። ስለ ውሻው ጤና አላሰበም፤ ስለ ጎረቤት ልጆች አላሰበም። የፈራው ዘፈን ነው።

አመለወርቅ «እንግዲያው አጥሩን አስረዝመው» አለችው። «እሺ» አለ፤ አላስረዘመም። አንድ ሰሞን በሰንሰለት አሰረው፤ ውሻው ሲያላዝን፣ አንገቱ ተልጦ ሥጋው ሲታይ አዘነለትና ፈታው። ሚስቱ እንደገና ጠየቀችው። «እናስብበታለን» አለ። ስንቶቻችን ነን «እናስብበታለን» እያልን ሰው የምናስጎዳው?

አንድ ጠዋት ነው፤ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ሰዓት። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጀማነሽ በልብስ ስፌት ልጅዋን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ከእርስዋ በር አጠገብ አንዲት ሴት ውሻ መጥታ ተኝታ ነበር፤ የሰፈሩ ወንድ ውሾች ሁሉ ከበዋታል። መክትም አጥሩን ዘሎ ደርሷል። የጀማነሽ ልጅ ረድኤት ቦርሳዋን አንግታ በሩን ስትከፍት ውሾቹ በጠብ ተያያዙ። ልጅቱ ደንግጣ ልትመለስ ስትል አዳልጧት መሐላቸው ወደቀች።

መክት ክንድዋን ያዘ። ልጅ መሆንዋን እንኳ ያወቀ አይመስለኝም፤ በዚያ ሰዓት ያገኘውን ነው የያዘው። ጀማነሽ የብረት መቀሷን ጥላ ወጥታ፣ በባዶ እጇ አፉን ፈልቅቃ ልጅዋን አወጣች።

ረድኤት ሆስፒታል ገባች። ክንድዋ ተሰፋ። የሌሎቹ ውሾች ጤንነት ስላልታወቀ ክትባቱንም እየተመላለሰች ተወጋች። መክትን አመለወርቅ ስላስከተበችው ብቻ ከአንዱ ፍርሃት ዳኑ። ልጅቱ ግን ከዚያ በኋላ ውሻ ሲጮህ በሰማች ቁጥር ጠረጴዛ ሥር ትገባ ነበር። የምትጽፍበት እጅዋ ነበር የተነከሰው።

ሽማግሌዎች በሰውየው ግቢ ተቀመጡ። ጀማነሽም መጣች። አልጮኸችም።

«ጋሼ» አለችው፣ «እኔ ጠብ አልፈልግም። ልጄን ያሳክሙልኝ፣ አጥርዎን ያስረዝሙ፣ ውሻውን ያኮላሹት። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

ሽማግሌዎቹ «ደግ ተናግራለች» አሉ። ሁሉም ወደ ሰውየው ዞሩ።

ሰውየው ምን ያለ ይመስላችኋል?

«ማሳከሙን አሳክማለሁ። አጥሩንም እሠራለሁ። ማኮላሸቱን ግን ተዉኝ። ነገ ጠዋት መርዝ በሥጋ አበላዋለሁ። ወንድነቱን አጥቶ ከሚኖር እንደ ወንድ ይሙት!»

መክት እግሩ ሥር ተኝቶ ነበር። ወተት በጨርቅ ያጠባው፣ በእጁ ያጎረሰው ውሻ።

ከዚያ አንዱ ሽማግሌ፣ ስሙን ባውቀው ኖሮ እዚህ ቆሜ እጠራው ነበር፣ ጭኑን መታ አድርጎ «ወንድ!» አለ። አጨበጨበለት! ለገዳይ ሁልጊዜ አጨብጫቢ አይጠፋም። አባት ልጁን «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም» ሲል፣ ጎን ተቀምጦ «ቆራጥ ነው» የሚል አይጠፋም። አጨብጫቢዎች ሆይ፣ እናንተን ደግሞ እግዚአብሔር ይጠይቃችኋል!

መጀመሪያ የተቃወመችው ጀማነሽ ናት። «ጋሼ፣ የተነከሰችው የእኔ ልጅ ናት። እኔ ሞቱን አልጠየቅሁም። እርስዎ አሳዳጊው እንዴት ይጠይቃሉ?»



አመለወርቅ ተነሣች። ሰንሰለቱን ከውሻው አንገት ማሰሪያ ጋር አገናኘችና ባሏን በሽማግሌ ፊት እንዲህ አለችው፦

«ሰው እንዳይስቅብህ ብለህ ይህን ከገደልከው፣ ነገ እኔ ስምህን የሚያሳንስ በሽታ ቢይዘኝ ምን ልታደርገኝ ነው?»

«አንቺ ሴት፣ ተቀመጪ!» አለ።

«ንገረኝ። ምን ታደርገኛለህ?»

እርስዋ ጠበቀችው። ስንት ዘመን አብራው የኖረች ሚስት፣ በሰው ፊት ቆማ፣ «አንቺንማ አልነካሽም» እንዲላት ጠበቀችው። አንዲት ቃል! አልወጣውም። ሽማግሌዎቹን ነው የሚያየው፤ እንዳዋረደችው ነው የሚያስበው።

አመለወርቅ ውሻውን ይዛ ወጣች። በጓሮ አልሄደችም፤ ባሏ በሚንጎራደድበት በዚያው በዋናው መንገድ፣ ጠላ ቤቱን አልፋ፣ በቀትር ሄደች። ጀማነሽም ከኋላዋ ተከተለቻት፤ ልጅዋን የነከሰውን ውሻ ለማሳከም! ዶክተር ገመቹ ያንኑ ዕለት ሠራለት። መክት ሲነቃ እግሩ እየተንገዳገደ ተነሣና በመጀመሪያ የላሰው የጀማነሽን እጅ ነው። ጀማነሽ እጅዋን ልትሰበስብ ፈለገች፤ ግን ተወችው። አለቀሰች አሉ።

ሰፈሩ ሳቀ ወይ? ሳቀ እንጂ! «መክት ሙክት ሆነ» ተባለ፤ ተዘፈነም። ከዚያ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ሲዘረፍ ወሬው ወደዚያ ሄደ፤ ዘፈኑን ማንም አላስታወሰውም። ነፍስ ሊጠፋበት የነበረው ሳቅ ዕድሜው ያን ያህል ነበር!

መክት ቁስሉ ዳነ። እየቆየ መዝለሉን ተወ። የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ግን ግቢውን በጩኸት ይነቀንቀዋል። ረድኤትም ከብዙ ጊዜ በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ ልታየው መጣች አሉ፤ አልቀረበችውም፤ አየችውና ሄደች።

ሰውየውስ? ከዚያ ወዲያ ከውሻው ጋር መንገድ አልወጣም። መክት እንደ ልማዱ መጥቶ እግሩ ሥር ሲተኛ እግሩን ይሰበስባል። ውሻው ሊገደል እንደነበር አያውቅም። አመለወርቅ ግን ታውቃለች። ምግብ ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፤ ስትታመም ግን ለእሱ መንገር ተወች። ለጀማነሽ ነው የምትነግራት። አንድ ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ የሚሆነው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

«መምህር፣ እኔ ውሻ የለኝም» የምትሉኝ አላችሁ። ልጅ አላችሁ አይደል? ወንድም አላችሁ አይደል?

አንተ፣ ልጅህ ፀንሳ ስትመጣ «ለእኔ ሞታለች» ያልከው፣ በእርግጥ ሞታለች? ከተማው ዳር በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ሕፃን ታሳድጋለች። ልቅሶዋ ሳይሆን ጎረቤትህ የሚለው ነው እንቅልፍ የነሣህ።

አንቺ፣ ልጅሽ መጠጥ ሲይዘው ሕክምና አትውሰዱት ያልሽው፣ «ሰው ካየው ማን ልጁን ይድርለታል?» ያልሽው፣ ልጅሽ ከሞተ በኋላ ማን ይድርለታል?

ደግሞ እናንተ፣ አእምሮው የታወከ ወንድማችሁን ከጓሮ ክፍል የቆለፋችሁበት! እንግዳ ሲመጣ ሬዲዮ ከፍ የምታደርጉት! ድምፁ እንዳይሰማ ነው፤ አውቃለሁ። ፈዋሽ አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ጸሎትም አለ። ግን ሰው ይሰማል። ሰው እንዳይሰማ ሥጋችሁን በቁሙ ቀበራችሁት። ከዚያ ታጥባችሁ፣ ነጭ ለብሳችሁ፣ እዚህ ከፊት ትቀመጣላችሁ!

አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። ልቆጣ ይገባኛል። «ክብር» የምትሉት ነገር ስንት ነፍስ በልቶ ይጠግባል?

የምታመልኩት ጌታ ተስቆበታል እኮ። ልብሱን ገፍፈው ሳቁበት፤ ተፉበት፤ እያላገጡ ሰገዱለት። እኛ እንዳንሞት ብሎ በእርሱ ይሳቅ አለ። እናንተ ደግሞ እንዳይሳቅባችሁ ብላችሁ የምትወዱት ይሙት ትላላችሁ። በምን ትመስሉታላችሁ? በምን?

ስለዚህ ዛሬ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብላችሁኝ እንድትሄዱ አልፈልግም። ቤታችሁ ሂዱ። ሬዲዮውን አጥፉ። የጓሮውን ክፍል ክፈቱ። ወንድማችሁን ፊቱን አጥባችሁ፣ እጁን ይዛችሁ፣ በዋናው መንገድ አውጡት።

ሰው ይሳቅ።