አልሞላሁም ያለችው ባትሪ

አንድ የቦቴ ሾፌር ነበረ፤ ጥያቄህን ለጊዜው ያዝልኝና የእሱን ስማ። ቤንዚን ጭኖ በረሃውን ሲያቋርጥ ሃያ ዓመት የሞላው፣ ዳሽቦርድ ላይ ያለን የነዳጅ ጌጅ የማያምን ሰው ነበር። «ጌጅ ይዋሻል» ይልና ከመነሳቱ በፊት ወርዶ የመኪናውን ነዳጅ በዘንግ ይለካል። የሌሎቹንም ካልለካሁ እያለ ስላስቸገረ ሾፌሮቹ «ዘንጉ» ብለው ስም አውጥተውለታል።

ይህ ሰው ለሚስቱ ቃል ገብቶ ሲጋራ ተወ። በሲጋራው ፈንታ ግን ቬፕ የሚሏትን፣ በባትሪ እየሠራች እንፋሎት የምታስወጣ ማጨሻ ያዘ። ክብሪት አትፈልግ፣ እሳት የላት፣ ከቤንዚን ጋር ምን ያጣላታል ብሎ ነው። የባትሪዋን ቮልት የምታሳይ ትንሽ መስኮት ነበረቻት። ያችን መስኮት ያለ ዘንግ አመናት። የራስ ነገር ሲሆን እንዲህ ነው።

አንድ ቀን ሚሌ ላይ የፊት መብራቱ አልበራ ብሎት የመኪና ኤሌክትሪክ የምትሠራ ሴት አስጠራ። ጋቢና ውስጥ ስትገባ ያችን ማጨሻ ዳሽቦርዱ ላይ ፀሐይ እየመታት፣ ቻርጅ እንደተሰካች አገኘቻት።

«ጋሼ፣ ይቺ ከመቼ ጀምሮ ነው የተሰካችው?»

«ከጠዋት። አልሞላ አለችኝ፤ ይኸው ሦስት ነጥብ ሰባት ላይ ቆማለች። ትሙላ፣ ተያት።»

ሴትዮዋ ግን አልተወቻትም። በእጇ ነካ ብታደርጋት ትፋጃለች። ገመዱን ነቀለች፤ ባትሪዋን አወጣችና ቮልት የምትለካበትን ቴስተር ሁለት ጫፎች አስነካቻት። አራት ነጥብ አምስት አለ።

«የዚህ ዓይነት ባትሪ ጣሪያው አራት ነጥብ ሁለት ነው» አለችና በጨርቅ ይዛ ወረደች። ከቦቴው ጎን የተንጠለጠለውን የአሸዋ ባልዲ አንሥታ፣ ባትሪዋን ቀብራበት፣ ከመኪኖቹ ርቃ ሜዳ ላይ አስቀመጠችው። ሾፌሩ እየሳቀባት ተከተላት። ብዙም ሳይቆይ አሸዋው ውስጥ የሚያፏጭ ድምፅ ተሰማ፤ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ከዚያም ነበልባል።

ሾፌሩ ዞር ብሎ ቦቴውን አየ። አርባ ሺህ ሊትር ቤንዚን ነው። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ጌጅ ይዋሻል የሚሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለችው። ለሚስቱ ደወለና «ደህና ነኝ» አላት። «ምን ሆነህ ነበርና?» ስትለው ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡበት። ያን ቀን የሞቀ ውሃ እንኳ ጣፈጠው፤ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ተመስገን፣ ተመስገን እያለ ነዳ።

አንተ ደግሞ፣ ልጄ፣ «ልቤን ስጠይቀው ንጹሕ ነህ ይለኛል፤ ሚስቴን አልበደልኩም፤ ታዲያ ሽማግሌ ፊት ለምን እቀርባለሁ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ሾፌሩም እኮ ውሸታም አልነበረም፤ መስኮቷ ያሳየችውን ነው የተናገረው። ልብህም ለአንተ የሚያሳይህ ሦስት ነጥብ ሰባት ነው። ዐይን ለራሱ ባዳ ነው ይባላል። ንዴትህ ስንት እንደ ደረሰ የሚያውቀው ከውጭ ሆኖ የሚለካህ ሰው ነው፤ ሽማግሌዎቹም የሚመጡት ሊለኩ እንጂ ሊከሱህ አይደለም። የጫንከው ሚስትህንና ልጆችህን መሆኑን አትርሳ። እሑድ ሲመጡ በሩን ክፈትላቸው። አንዱ እኔ ነኝ።