አያ ጅቦ ማሽላ ሲንጥ

አንድ ጊዜ በቆላ አገር ዳልቻ የምትባል ባሏ የሞተባት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። ለዘር ያስቀመጠችው ሁለት ቅል ማሽላ ነበራት። ቀዩን ወፍ ስለማይደፍረው ለሩቁ ማሳ፣ ነጩን ደግሞ እየጠበቀች ለምትዘራት ጠባብ የደጅ ማሳ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ወፉ ነጩን ፍለጋ ሩቁን ማሳ ይወርረዋል፤ ውርንጭላዋም ጦሙን ያድራል።

ዳልቻ ውሃ ልትጠጣ ወደ ወንዝ በወረደችበት አያ ጅቦ ከቤቷ ገባ። ጅብ መቼም ከጭንቅላቱ ሆዱ ይቀድማል። ሥጋ የተደበቀ መስሎት፣ የነጩን ቅል እስከ ሥሩ ለማየት በቀዩ ላይ ገለበጠው። ሥጋ የለም።

ዳልቻ ተመልሳ ይህን ስታይ፣ «ልጄን ገደልክብኝ፣ አያ ጅቦ!» ብላ አለቀሰች።

እርግጫ ሲጠብቅ እንባ ቢመጣበት ጅቡ አዘነላት።

«አታልቅሺ እመት ዳልቻ! ወተት ሲናጥ ቅቤው ለብቻው ይወጣ የለ? እኔም እንጠዋለሁ!»

ቅሉን ታቅፎ ወደ ደጅ ወጣና ይንጠው ጀመር። ምስኪን! ነጩ እኮ ገና ከላይ ተኝቶ ነበር፤ ቀስ ተብሎ ቢጨለፍ አብዛኛው ይተርፍ ነበር። አሁን ግን ዥጉርጉር አለ። ጅቡ ደነገጠና አብዝቶ ናጠው፤ ይብሱን ተዘበራረቀ።

በዚያ ስታልፍ ነገሩን የሰማች ቀበሮ ቆማ ሳቀች።

«ቅቤስ ከውሃ ጋር አይስማማም፤ ማሽላና ማሽላ ግን ምን ጠብ አላቸው? ለየብቻ የሚሆኑበት መንገድ አንድ ነው፤ የሚደባለቁበት እልፍ ነው። በናጥከው ቁጥር ከእልፉ አንዱ ላይ ይወድቃል።»

«አብዝቼ ብንጠውስ? አንድ ቀን ተሳስቶ አይለይም?»

«የልጅ ልጆችህ ቢንጡትም! ፍሬ በፍሬ መልቀም ነው።»

«እንግዲያስ ነይ እንልቀም።»

«እኔማ ዓይኔን ያመኛል» ብላ ቀበሮ ውልቅ አለች።

ጅቡ በጥፍሩ፣ ዳልቻም በከንፈሯ ይለቅሙ ጀመር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ጅቡን ላብ አጠመቀው፣ ሆዱም ጮኸ። ውርንጭላው ሲቦርቅ ቆይቶ ሲደክመው መጣና የጅቡን ጎን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። ዳልቻ መልቀሟን አቆመች።

«አያ ጅቦ... ልጄን...»

«ቀስ በይ፣ ትቀሰቅሺዋለሽ» አለ ጅቡ በሹክሹክታ። «ነጭ ይዣለሁ፣ እንዳይጠፋብኝ።»

ደመናው ሲያጉረመርም የመጨረሻዋ ፍሬ ቅሏ ውስጥ ገባች። ጅቡ በረሃብ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር፤ ግን ልጁ እንዳይነቃ ብሎ የመጀመሪያው ዝናብ እላዩ ላይ እስኪወርድ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ዳልቻ ያን ቀን ጅቡን ወደደችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ለመደባለቅ አንድ ግልበጣ የሚበቃው ነገር ወደ ቦታው የሚመለሰው በጥድፊያ ሳይሆን፣ ላቡን አፍስሶ ፍሬ በፍሬ በሚለቅም ፍቅር መሆኑን ነው።