አረንጓዴው ቀለም

አንድ ዳምጠው የሚባል ነጋዴ ነበር። ጎረቤቱን ልብስ ሰፊውን መንበሩን ደስ ብሎት ካየው እንቅልፍ አይወስደውም።

የሁለቱም ቤት ጣሪያ አስቤስቶስ ከሚባል የድሮ የሲሚንቶ ንጣፍ የተሠራ ነበር። የአገሩ መንግሥት አንድ ደንብ አወጣ። አስቤስቶስ ሲቆረጥ ብናኙ ሳንባ ስለሚጎዳ ቤቱ ሳይመረመር ማንም ጣሪያውን እንዳይነካ ከለከለ። ተመርምሮ ከአስቤስቶስ ነጻ ለሆነ ቤት መርማሪው በሩን አረንጓዴ ቀለም ይቀባል።

መንበሩ መርማሪውን ጠራ። ባለሙያዎች መጥተው ጣሪያውን በውኃ እያራሱ፣ ሳይሰብሩ አወረዱና በፕላስቲክ ጠቅልለው ወሰዱት። መንበሩና ቤተሰቡ ሁለት ወር ሸራ ሥር ከረሙ። ያን ጊዜ ዳምጠው በአጥር እያየ ይስቅ ነበር። አዲሱ ቆርቆሮ ተመትቶ፣ በሩ አረንጓዴ ተቀብቶ፣ የሰፈሩ ሰው "እንኳን ደስ ያለህ" ሊል ሲጎርፍ ግን ቅናት አንገበገበው።

"እኔ ከአንድ ልብስ ሰፊ አንሼ ነው?" አለና ቀለም ገዝቶ የራሱን በር ራሱ ቀባው።

ብዙም ሳይቆይ የልጁ የስንዱ ሠርግ ደረሰ። ዳምጠው ሳሎኑን ለማስፋት አናጢዎች ጠራ። አናጢዎቹ የበሩን ቀለም አይተው ያለ ስጋት ጣሪያውን በደረቁ በመጋዝ ይቆርጡት ጀመር። ስንዱም እያንጎራጎረች ነጩን ብናኝ ትጠርግ ነበር። ዳምጠው ሊያስቆማቸው አፉን ከፈተ። ግን መንበሩ በአጥር በኩል እያያቸው መሆኑን ሲያይ አፍሮ ዝም አለ።

"ስንዱዬ፣ መጥረጊያውን ጣይና ውጪ! ጣሪያችሁ የኔ የድሮው ዓይነት ነው!" ብሎ የጮኸው መንበሩ ነው። ሮጦም መርማሪውን አመጣ።

መርማሪው ሥራውን አስቁሞ "ይህን በር ማን ቀባው?" አለ።

"እኔ ነኝ። ቀለሙ ያው ነው ብዬ እኮ ነው።"

"ቀለሙስ ያው ነው። ጣሪያው ግን አልተነሳም።"

"ልጄስ? ትታመምብኝ ይሆን?"

"እኔ እንጃ። ምንም ላይነካት ይችላል። ጉዳቱ ቢመጣም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።"

ስንዱ በደስታ ተዳረች። ዳምጠው ግን እስከ ዛሬ ልጁ ጉንፋን ይዟት ባሳለች ቁጥር ይደነግጣል።

ወዳጄ፣ ቅናት የሰውን በር ያሳየናል፣ ሸራ ሥር የከረመበትን ሁለት ወር ይደብቅብናል። ዳምጠው በመንበሩ ቀለም ቀና። በድካሙ ቀንቶ ቢሆን ልጁን ከዚያ ብናኝ ባተረፋት ነበር። እኛስ በሰው ስንቀና በየትኛው ነው የምንቀናው?