ጤፍ የምታህል ጉርሻ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው ተረቴ ላም የለበትም፣ ያለችው ጦጣ ናት።

ይህች ጣተ ቀልጣፋ ጦጣ እናቷ ስትሞት ማሲንቆዋን ወረሰች። አንበሳ ይህን ሰምቶ አስጠራትና፣ «መስከረም ላይ ልጄን እድራለሁ። እናትሽ የእኔን ሰርግ እንዳደመቀችው አንቺም የልጄን አድምቂ። ካሳፈርሽኝ ግን እንግዶቼ ፊት እበላሻለሁ» አላት።

ጦጣዋ ማሲንቆውን ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። ምሰሶው ላይ አንድ ታታሪ ብል ይኖር ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት፣ «እሜቴ፣ ዛሬ አይመቱትም?» ሲል ጠየቃት።

«መስከረም ገና ነው። ደግሞ ጣቴ የእናቴ ጣት ነው፤ ምን ያጣድፈኛል?»

«እንግዲያው እኔ የዕለት ሥራዬን ልሥራ» ብሎ ከማሲንቆው ቆዳ ጤፍ የምታህል ጎረሰ።

«ይቺን በልተህ ልትጠግብ!» ብላ ሳቀችበት።

ብሉ በየጠዋቱ ጠየቀ፤ እሷም በየጠዋቱ ያንኑ መለሰች። ክረምቱ እንዲህ አለቀ።

በሰርጉ ዕለት እንግዳው ሁሉ ጸጥ ብሎ ጠበቃት። ደጋኑን አንድ ጊዜ ስትስብ ጣቷ ዜማውን አጣው፤ ሁለተኛ ስትስብ ቆዳው ተተረተረ። ሙሽራው አንገቱን ደፋ። አንበሳም ቃሉን አላጠፈም።

ማሲንቆው አዲስ ቆዳ ተለብጦ ለታናሽ እህቷ ተሰጣት፤ የአንበሳ ሴት ልጅ ሰርግ ገና ዓመት ይቀረዋል። ታናሺቱ ቆዳውን ስትዳብሰው የማን እንደሆነ አወቀች።

ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ማሲንቆው ያልተመታበት ቀን የለም።