ማንበብ ያልቻለ ልጅ ቢመጣስ?

አንድ ቤተሰብ ከትንሽ ከተማ ወደ ትልቅ ከተማ ሊዛወር ሆነ። አባትየው መኳንንት የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ለዓመታት ሲጠብቀው የኖረው ዝውውር በክረምቱ መግቢያ ጸደቀለት። እሱ ስለ አዲሱ ወንበሩ እያሰበ ሲደሰት ሚስቱ አስካለ ሐሳቧ ሁሉ አንድ ልጃቸው ኤፍራታ ላይ ነበር።

ኤፍራታ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ነገሩ ለማመን ይከብዳል፤ እናቷም ብትሆን ያወቀችው በቅርቡ ነው። በትንሿ ከተማ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀው ይማራሉ። አስተማሪው አንድ መስመር ያነባል፣ ልጆቹ ተቀብለው በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። የኤፍራታ ጆሮ ደግሞ ለጉድ ነው፤ አንዴ የሰማችው አይጠፋትም። ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ስለምትደግም አስተማሪው «ጎበዝ!» ይላታል፣ እናቷም ለጎረቤት አፏን ሞልታ ታወራላታለች። አንድ ቀን ግን አስካለ ልብስ እያጠበች ሳለ፣ «እስቲ ሽሮፑ በቀን ስንት ጊዜ ይወሰዳል ይላል? ፋርማሲስቷ ብልቃጡ ላይ ጽፋዋለች» አለቻት። ልጅቷ ብልቃጡን አገላብጣ አየችው። ቆየት ብሎ እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ጀመር።

አስካለ ያን ዕለት ልቧ ቆረጠ። ማታ ባሏ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ቁርጡን ነገረችው።

«አዲሱ ከተማ ስንገባ ቤት የምንይዘው ትምህርት ቤት አይተን ነው። ልጄ ማንበብ ሳትችል ሌላ ዓመት አይጨመርባትም።»

«የኔ መሥሪያ ቤትስ?» አለ መኳንንት።

«አንተ እግር አለህ። ትሄዳለህ።»

ትልቁ ከተማ እንደደረሱ ደላላው ያለ ምንም ማንገራገር አንድ ሰፈር ወሰዳቸው። «እህቴ፣ ልጅ ካለሽ ከዚህ ሌላ አትፈልጊ» አላት። እውነትም ሰፈሩ ከስሙ ይልቅ በትምህርት ቤቱ ይታወቃል። አከራዮቹ እንኳ ሳሎኑን ከማሳየታቸው በፊት መስኮት ከፍተው የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ያሳያሉ። ቧንቧው ያንጠባጥባል ስትሏቸው «ትምህርት ቤቱ እኮ ቅርብ ነው» ይሏችኋል። በትልቁ አረንጓዴ በር ላይ፣ ከመንገድ ማዶ የሚነበብ ባነር ተሰቅሏል፦ ዘንድሮም ተማሪዎቻችንን መቶ በመቶ አሳለፍን!

አስካለ ባነሩን ደግማ አነበበችው። ልጄን የሚያወጣት ይሄ ነው አለች በልቧ። ችግሩ መግቢያ ፈተናው ነው። ሦስተኛ ክፍል የሚገባ ልጅ በአስተማሪዎች ፊት አንድ ገጽ ማንበብ አለበት።

ለጊዜው ባረፉበት ግቢ የምትኖር አንዲት ጎረቤት የአስካለን ጭንቀት አይታ ጠጋ አለችና፣ «አንቺ ደግሞ፣ ለዚህ ነው እንዴ የምትጨነቂው? በየዓመቱ ያው ገጽ ነው፤ ስለ ንቦች የሚለው። እኔም የኔን ልጅ ያስጠናሁት እሱን ነው» አለቻት። ገጹንም ሰጠቻት።

አሁን አስካለ ያደረገችውን ስሙ። ልጇ ማንበብ እንድትማር ብላ አገር ያቋረጠች ሴት፣ ጠዋት ማታ ልጇን አስቀምጣ ስለ ንቦች ታነብላት ጀመር። እሷ አንድ መስመር ታነባለች፣ ኤፍራታ ተቀብላ ትደግማለች። ጣቷን በየቃሉ ሥር እንድትጎትት፣ መስመር ሲያልቅ ቀና እንድትል፣ ነጥብ ጋ ትንፋሽ እንድትወስድ ሳይቀር አስተማረቻት። ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት ትንሽ ያላጭበረበረ ማን አለ? አስካለ አንዴ በሩን ካለፈች ሌላው ይደርሳል ባይ ናት።

ፈተናው ደረሰ። ኤፍራታ አስተማሪዎቹ ፊት ቆማ ጣቷን እየጎተተች ስለ ንቦች ታታሪነት እንደ ውኃ አወረደችው። ፈታኞቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንደኛዋም «ይቺስ ዜና አንባቢ ትሆናለች» ብላ ሳቀች። ኤፍራታ አለፈች። መኳንንት በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው፤ ትምህርት ቤቱ አጠገብ የመረጡትንም ቤት ቁልፍ ያን ዕለት ተቀበለ።

ለምዝገባ በሄዱበት ጠዋት እናትና ልጅ አረንጓዴው በር ጋ ቆመው ተራ ይጠብቁ ነበር። ኤፍራታ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ጎተት አደረገች።

«እማዬ፣ ሌላውን ገጽ መቼ ነው የምታስጠኚኝ?»

«የትኛውን ገጽ?»

«ሁሉንም ነዋ። ትምህርት ሲጀመር ሌላ ገጽ አውጥተው አንብቢ ቢሉኝስ? መጽሐፉን ሁሉ በቃሌ ካልያዝኩ ያውቁብኛል።»

አስካለ የልጇን ዓይን ስታየው የሚያጨንቃት ንባቡ እንዳልሆነ ገባት፤ ልጅቷን ያስፈራት መታወቁ ነው። ማንበብ አለመቻል የሚያሳፍር፣ የሚደበቅ ነገር መሆኑን ያስተማረቻት ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፤ ራሷ አስካለ ናት።

ተራቸው ደርሶ ርዕሰ መምህሩ ፊት ቀረቡ። ሰውየው ትሑት ነው፤ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው። አስካለ ልጇን ውጭ እንድትጠብቃት ላከቻትና እንዲህ ብላ ጠየቀችው፦

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ቢመጣ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እኛ ጋ እንደዚያ ዓይነት ልጅ የለም» አለ ፈገግ ብሎ።

«ቢኖርስ?»

«ድንገት ሾልኮ የገባ ቢገኝ እንኳ ወላጁን ጠርተን የሚመጥነውን ቦታ እንዲፈልግ እንመክራለን። አይቆይም። እመቤቴ፣ መቶ በመቶ ያሳለፍነው በምን ይመስልዎታል?»

ሰውየው አልዋሸም፤ ኮርቶ ነው የተናገረው። አስካለም አመስግናው ወጣች፤ ልጇንም ሳታስመዘግብ እጇን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች።

መኳንንት ይህን ሲሰማ ጉድ ፈላ። «አንቺ ሴትዮ፣ ደህና ነሽ? ሰው በስንት ደጅ ጥናት የማያገኘውን ዕድል! ልጅቷ እኮ አልፋለች!»

«ያለፈችው ልጅቷ አይደለችም። እኔ ነኝ ያለፍኩት።»

«እንግዲያስ ገብታ ትማር! ትምህርት ቤት ለምን ሆነና?»

«ማንበብ ለሚችል ነው የሚያስተምሩት። የኔ ልጅ እዚያ ብትገባ ዓመቱን ሙሉ የምትማረው መደበቅ ነው። እሱንስ እኛው አስተምረናታል።»

መኳንንት ኩርፊያውን ይዞ ተኛ። አስካለ በማግስቱ ጫማዋን አጥብቃ ወጣች። ከዚያ ወዲያ በየሰፈሩ እየዞረች በየትምህርት ቤቱ ደጅ ቆመች። ፎቁን አላየችም፣ ባነሩንም አላነበበችም፤ የያዘችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ቢመጣ ምን ታደርጉታላችሁ? አንዱ ጋ ሳቁባት። ሌላው ጋ «ክፍል ዝቅ ብላ ከትንንሾቹ ጋር ትቀመጥ» አሏት። አንዱ ጋማ ዘበኛው ራሱ መልሶ ሰደዳት። ደላላው ስልኳን ማንሳት ተወ፤ ጎረቤቷም «ይቺ ሴት ምን ነካት?» ማለት ጀመረች። መስከረም እየገባ ነው፤ አስካለ ግን ጥርሷን ነክሳ መዞሯን አልተወችም።

በመጨረሻ ከከተማው ዳር፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት ሰፈር አንድ ትምህርት ቤት አገኘች። በሩ ቆርቆሮ ነው፤ ግቢው ዝናብ ሲጥል ጭቃ፣ ሳይጥል አቧራ ነው። ኤፍራታን ይዛት ስትገባ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ የሆነች አንዲት ጎልማሳ ሴት ከሌሎች ወላጆች ጋር እያወራች ነበር። አስተማሪዋ ልጅቷን አስጠግታ፣ ስሟን ጠይቃ መጽሐፍ ሰጠቻትና «የፈለግሽውን ገጽ አንብቢልኝ» አለቻት። ኤፍራታም መጽሐፉን ከፈተችና ጣቷን እየጎተተች ስለ ንቦች ማውረድ ጀመረች። የተከፈተው ገጽ ላይ ግን ያለው የባቡር ሥዕል ነው።

ወላጆቹ ተያዩ። አንዱ ሳቁን ዋጠ። አስካለ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር፤ ይሁንና ወደ ፊት ቀረብ ብላ የልጇን ትከሻ ያዘች።

«በቃሏ ነው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ማንበብ አትችልም። በቃል ያስጠናኋት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የሷ አይደለም።»

ኤፍራታ ደንግጣ እናቷን አየቻት። ከዚያ አስተማሪዋን አየች፤ እስኪያባርሯት ነው የምትጠብቀው። አስተማሪዋ ግን በርከክ ብላ ከልጅቷ ቁመት እኩል ሆነች።

«እሺ፣ ኤፍራታ። ከፊደሎቹ ውስጥ የምታውቂያት አለች?»

ልጅቷ ብዙ ፈለገች፤ ገጹ መሐል አንዲት ፊደል ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይቺን። የስሜ መጀመሪያ ናት።»

«ጎሽ! እንግዲያው መነሻችን ታወቀ» አለች አስተማሪዋ። ከዚያ ወደ አስካለ ዞር አለች። «የኤፍራታ እናት፣ እኔ ጋ ቦታ አለ። አንድ ነገር ግን ቃል ይግቡልኝ። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ አያነብቡላትም። እሷ ታነባለች፣ እርስዎ ይሰማሉ። ሲይዛት ጎትተው አያውጧት፤ ትንሽ ይጠብቁ። ካቃታት «አላውቀውም» ትበል፤ ያኔ ይንገሯት።»

በአፍ ቀላል ይመስላል። አስካለ ግን ቃሏን ለመጠበቅ ያየችውን አሳር እሷ ታውቃለች። እዚያው አስፋልቱ የሚያልቅበት ሰፈር ቤት ተከራይተው ገቡ፤ ውኃ በፈረቃ ነው፤ መኳንንት መሥሪያ ቤቱ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይቀያይራል፤ በየማታው ደግሞ ጫማውን ከጭቃ እያራገፈ «ይኸው፣ ምርጫሽ!» ይላል። ኤፍራታ አንዲት ቃል ለማንበብ ስታምጥ አስካለ ምላሷ ጫፍ ላይ የደረሰውን መልስ መልሳ ትውጠዋለች። አንዳንድ ማታ ልጅቷ መጽሐፉን ወርውራ ታለቅሳለች። እናትየው መጽሐፉን አንስታ አቧራውን አራግፋ መልሳ ትሰጣታለች፤ አንድም ቀን ግን አላነበበችላትም። ያቺ ልጅ ከዚያች አንዲት ፊደል ተነሥታ ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ መስመር የተጓዘችው እንዲህ ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ የወላጆች ቀን ሆነ። መኳንንት ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጥቶ ፊት ረድፍ ተቀመጠ። ልጆቹ ተራ በተራ እየወጡ፣ አስተማሪዋ እንዳገኘች የገለጠችላቸውን ገጽ ያነብባሉ። የኤፍራታ ተራ ደረሰ። ቀስ እያለች አንድ መስመር አነበበች፤ ሁለተኛውን ጀመረች። መሐል ላይ አንድ ቃል ያዛት። መኳንንት አንገቱን ደፋ፤ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን መሰለው።

ኤፍራታ ግን ከመጽሐፉ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት የለም።

«ቲቸር፣ ይቺን አላወቅኋትም» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማት።

አስተማሪዋ ነገረቻት። ኤፍራታ ያቺን ቃል ደጋግማ አለቻትና ከቆመችበት ቀጠለች፤ ገጹንም እስከ መጨረሻው አነበበችው። መኳንንት ያኔ ቀና አለ። ቤት ውስጥ አንድም ማታ አጠገቧ ተቀምጦ ስለማያውቅ፣ ልጁ ስታነብ ያን ቀን መጀመሪያ ማየቱ ነው። እንባውን በሙሉ ልብሱ እጅጌ ጠረገ፤ ማንም ቢያየው ግድ አልነበረውም። ወደ ሚስቱ ጎንበስ ብሎም «በኔ ቢሆን ኖሮ ዛሬም በቃሏ ነበር የምትወጣው» አላት።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሰፈር የምትቀይሩ ሁሉ፣ ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስላለፉት ብዙ አትጠይቁ፤ እነሱ በር ላይ ተጽፈዋል። ስላልቻለው ልጅ ጠይቁ፤ ምን እንደሚያደርጉት፣ ማን አጠገቡ እንደሚቀመጥ ጠይቁ። «አላውቅም» ማለት የሚያስባርርበት ቦታ ልጅ መደበቅን ይማራል። «አላውቅም» ሲል መነሻው የሚታወቅበት ቦታ ግን፣ ዘግይቶም ቢሆን ይማራል፤ ለዚያ ሲባል ጭቃም ይረገጣል፣ ሁለት ታክሲም ይያዛል።

አንድ ጥያቄ ግን ለሁላችንም ይቀራል፤ እሱን ለመመለስ ሰፈር መቀየር አያስፈልግም። ልጃችሁ ዛሬ ቤት ውስጥ ቀና ብሎ «አላውቀውም» ቢላችሁ፣ ፊታችሁ ላይ ምን ያነብባል?